ደርሰን እንምጣ

ሀሴትና ጓደኞቿ አልዌሮ ግድብ ለመሄድ ብለው የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈቱ ወር አለፋቸው። የግሩፑ ስም ስንቴ ተቀያይሯል፤ የመንገዱ ዘፈን ተመርጧል፤ በቲሸርት ቀለም ተኳርፈው ታርቀዋል። የመሄጃው ቀን ብቻ አልተቆረጠም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ፣ "በሉ ተነሡ፣ አልዌሮ ደርሰን እንምጣ" አሉ። ለዚችው ደርሶ መምጣት አባቷ ፍራሽ፣ አጎበር፣ የከሰል ምድጃና ሁለት ጄሪካን ውሃ መኪናው ላይ ጫኑ።

"እማዬ፣ የምንሄደው እኮ ግድብ ነው፤ ውሃው ምን ይሠራል?" አለች ሀሴት።

"ዝም ብለሽ ግቢ።"

ግድቡ ዳር ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ ፎቶ ተነሣችና ለግሩፑ ላከች። ጓደኛዋ ኛማል ጻፈች፦ "እናትሽን አድሚን አድርጊልን።"