የካርዱ ጀርባ

ቀጭ… ጧ። ቀጭ… ጧ።

ልጅ ሳለሁ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ይህ ድምፅ ነበር። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ አጎቴ ማተሚያውን በእግሩ እየረገጠ የሰርግ መጥሪያ እያተመ መሆኑን አውቃለሁ። ‹‹ጧ››ዋ ለስላሳ ነበረች፤ ብረት ወረቀቱን ዳሰስ አድርጎ ሲመለስ።

እኔንና እህቴን ያሳደገን በዚያች ማተሚያ ነው። ካርድ ባተመ ቁጥር ገልብጦ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ፊደሉ ወረቀቱን ወግቶ ጣቱን ትንሽ ከጎረበጠው አለቀ፤ ካርዱ ወደ ቅርጫት። የማተሚያውን ፊደሎች የወረሰው ሙያውን ካስተማረው አለቃው ነው፤ ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ፣ ጅራታቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ። እንደነሱ ያለ የሚሠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

እህቴ ልታገባ ስትል የጓደኛዋን ካርድ ይዛ መጣች። ፊደሎቹ ወረቀቱ ውስጥ ጥልቅ ብለው ገብተዋል።

‹‹ጋሼ፣ የኔም እንደዚህ ይሁንልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የሙሽራዬን ስም በጣቴ እንዳገኘው።››

‹‹ልታገቢው ነው ወይስ ልትዳብሺው?››

‹‹ሁለቱንም!››

ሳቅን። አጎቴ ግን ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ነካ ነካ አደረገ።

‹‹ይኼማ ተረገጠ እንጂ ታተመ አይባልም። የኔ ፊደሎች ይኼን አይችሉም፣ ልጄ። አንዴ ከተደፈጠጡ አበቃ።››

‹‹እሺ፣ ሌላ ቦታ አሳትማለሁ›› አለች ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ማተሚያው ክፍል ስገባ አጎቴ የሙሽሮቹን ስም በፊደሎቹ ደርድሮ ጨርሷል። ፊደሎቹ ጠልቀው እንዲገቡ ከወረቀቱ ኋላ የሚገባውን ካርቶን ደራርቦ አወፍሮታል።

‹‹ጋሼ፣ ፊደሎቹ እኮ…››

‹‹አንተ ደግሞ! እርገጥ አልኩህ።››

ረገጥኩ። ቀጭ… ግም! በዚያ ቤት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ።

ከሰዓት እህቴ መጣች። ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ካርዱ ላይ አስኬደች።

‹‹ይኸው! አገኘሁት!›› እንደ ሕፃን ዘለለች፤ አጎቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ሳመችው።

‹‹ካማረሽ ደግ፣ የኔ እመቤት›› አላት።

ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጋዝ አጠበ። አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። ጅራቷ የለም። ነገ የምትሠራ ይመስል አድርቆ ቦታዋ ላይ አስተኛት፤ መሳቢያውንም ቀስ ብሎ ገፋው። የሥራ ሽርጡን ፈቶ ማተሚያውን አለበሰው፤ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

‹‹የት ሄደ?›› አለችኝ እህቴ፣ ጣቷ አሁንም ስሙ ላይ እንዳለ።