ፈለቀ ያልሁት ባሕር

ጎንደር ከተማ ባለ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ለገበሬዎች የሚተላለፍ የሳይንስ ዝግጅት እጽፋለሁ። ባለፈው ሐምሌ ርእሳችን ባሕር ነበር። ለደጋ ሰው ስለ ባሕር ማውራት ምን ይረባል ያሉን አልጠፉም። እኔ ግን ይረባል ባይ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ዶክተር ሰሎሜ የሶማሊያን ጠረፍ ውሃ በሳተላይት መረጃ ታጠናለች። በእኛ ክረምት እዚያ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። የላዩን ውሃ እየገፋ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በቦታው ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይወጣል። ያ ውሃ ታች የተከማቸውን ምግብ ይዞ ስለሚመጣ በዓይን የማይታዩ የባሕር እጽዋት ይበዛሉ። እነሱን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ ይበላሉ።

ይህን ሁሉ በአጭሩ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቀን አስቤ እንዲህ ጻፍሁ፦ «በክረምት ከባሕሩ ጥልቅ ሕይወት የሚሰጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልቃል።» ሰሎሜ አንብባ ወደደችው። ሐሙስ ጠዋት ተላለፈ።

ዓርብ ከአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ስልክ መጣ። ደዋዩ አያ አንዳርጋቸው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። አመስግነው፣ መርቀው፣ ወደ ፈለቀው ጠበል የሚሄደው ማኪና ከየት እንደሚነሳ ጠየቁኝ። ባለቤታቸው እትዬ እታገኘሁ ሳንባቸውን ታመው የስድስት ወር መድኃኒት ጀምረዋል፤ ገና ሦስተኛው ወር ላይ ናቸው። ጠበልና ኪኒን አይስማሙም ብለው ከዚያው ቀን ጠዋት ጀምሮ አስቁመዋቸዋል። ሰኞ ሊነሡ ነው።

ጠበል እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ። ቦታውን የደበቅሁባቸው መሰላቸውና ዘጉብኝ።

ለሰሎሜ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። የመድኃኒቱን ነገር ስትሰማ ግን ሳቋ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በእኛ አገር ውሃ ፈለቀ፣ ሕይወትም ሰጠ ከተባለ ጠበል ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በስልክ የማይቃና ነገር ስለሆነ ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ያዝሁ።

እየጠየቅሁ ቤታቸው ስደርስ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም ነበር። እትዬ እታገኘሁ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው የክክ ወጥ ይሠራሉ። ሰውነታቸው ቀጭን ነው፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አያ አንዳርጋቸው አስቀመጡኝና በቀጥታ ጀመሩ።

«ጠበል ካልሆነ ምነው ፈለቀ አልህ? የተማርህ ልጅ ነህ። ፈለቀ ማለት ምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም፤ ተሳስቼ ነው» አልሁ።

ሰበብ እሰጣለሁ ብለው ሲጠብቁ ኖሮ በርጩማቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ከዚያ ጠበል ካልሆነ እንዴት ሕይወት ይሰጣል ሲሉ ጠየቁኝ። ነፋሱን፣ የላዩን ውሃ፣ የታቹን ውሃ በየተራ አስረዳኋቸው። ፊታቸው አልተፈታም። እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩት እትዬ እታገኘሁ ከድስቱ ቀና አሉ።

«ታዲያ ነፋሱ ባሕሩን ያማስለዋል አትልም? ሳያማስሉ የጨለፉት ወጥ ውሃ ብቻ ነው። ፍሬው ታች ነው።»

ቃሉን ወደድሁት። ቢሆንም ሳላስተካክለው ላልፍ አልፈለግሁም። ነፋሱ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ አያዞርም፤ የላዩን ወደ ጎን ገፍቶ ለታችኛው ቦታ ይለቅለታል አልኋቸው። እሳቸው በጭልፋው ጀርባ ወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ወደ አንድ ዳር ገፉት። ከሥሩ ክኩ ብቅ አለ።

«እንዲህ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ዘይቱ ከበዛስ?»

ሰሎሜ ዓመታት የደከመችበት ጥያቄ ይኸው ነው። ሞቃት ውሃ ቀላል ስለሆነ እንደ ዘይት ላይ ይቀመጣል። ዓለም በሞቀ ቁጥር ይህ የላይ ሽፋን እየወፈረ ነፋሱን ያስቸግረዋል። አንዳንድ ቦታ ነፋሱም እየበረታ ነው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። የታቹ ውሃ ካልወጣ ግን ዓሣው በረሃብ ያልቃል ወይም ይሰደዳል፣ በዓሣው የሚኖረው ሰውም እንደዚያው። አያ አንዳርጋቸው ይህን ሲሰሙ ገብሳቸው ያልያዘበትን ዓመት አነሡ፤ ያን ጊዜ ከመንደራቸው ስንት ሰው እንደተሰደደ ነገሩኝ። ከዚያ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«እንግዲህ በዚያ ውሃ የሚድነው ዓሣ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«ዓሣ ነው» አልሁ።

እትዬ እታገኘሁ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ኪኒኑን ስውጥ ሳሉ ቀንሶልኝ፣ እህል መብላት ጀምሬ ነበር። ይህ ሰውዬ በዓሣ ጠበል ሊያስጠምቀኝ ኖሯል።»

አያ አንዳርጋቸው መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ ግን አመለጣቸው። ከሳቃቸው በኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለባለቤታቸው ሲሉ እንዳደረጉት ተናገሩ። «አውቃለሁ» አሏቸው እትዬ እታገኘሁ።

የሁለት ቀን መድኃኒት ስላለፈ በራሳቸው ደርበው እንዳይውጡ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲናገሩ አሳሰብሁ። እትዬ እታገኘሁ ድስቱን አውርደው ነጠላቸውን ለበሱ። የመድኃኒቱን መያዣ መደርደሪያው ላይ ፈለጉ፤ የለም። አያ አንዳርጋቸው ቀስ ብለው ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አወጡት።

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

እትዬ እታገኘሁ ተቀበሏቸውና ቀድመው ወጡ። መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ሳያርፉ የማይወጡት የነበረውን ዳገት ቀስ እያሉ ጀመሩት፤ እኛም ከኋላ ተከተልናቸው።