የጀልባው ድርሻ

ታምሬ ሰክሮ ጀልባዋን ገለበጣት። ሰው አልሞተም።

ባሌ ነው። ጓንግ ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ ሰው የሚያሻግረው እሱ ነው። እኔ ዳር ላይ ዳስ ጥዬ ሻሂ እሸጣለሁ። ወዲያ ማዶ ሌላ አገር ነው፤ ፖሊስ ይፈትሻል፤ አረቄ የተገኘበት ይገረፋል። ስለዚህ ወደ ቁረይሻ ሰሊጥ ሊያርሙ የሚሄዱት ልጆች ካገር ይዘውት የመጡትን እዚሁ ጨርሰው ነው የሚሳፈሩ። መድፋትማ አይታሰብም። የመጨረሻዋ ብርጭቆ ደግሞ የጀልባው ናት። ቀዛፊው፣ ረይሱ፣ ካልጠጣት መንገዱን አልወደደልንም ይላሉ፣ አይሳፈሩም። አንዱ ቡድን ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ ከሁሉም አንድ አንድ ብርጭቆ። ወደ ማታ ታምሬ ምን እንደሚሆን አስቡት።

«እምቢ በላቸው» እለዋለሁ።

«በለጡ፣ ይቀየሙኛል እኮ።»

«ይቀየሙ።»

«አንችማ ሰው ማስቀየም አይከብድሽ።»

አይከብደኝም።

ያን ቀን ልጆቹን ጫነ። እትዬ ሰውዳም አብረው ነበሩ፤ ማዶ ዶካ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ታምሬ ሁልጊዜ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ቀዝፎ ነው መሀል የሚገባ። ውሃው እየገፋ ማረፊያው ላይ ያደርሰዋል። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ገባ። እየዘፈነ።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ!» ብዬ ጮህኩ።

እጁን አወዛወዘልኝ። ደህና ዋል ያልኩት መስሎት።

ግንድ መጣና ጎኗን መታት። ተገለበጠች።

ልጆቹ ዋና ያውቃሉ። እትዬ ሰውዳ አያውቁም። ከራስ እስከ እግር የተጠቀለሉት ቶብ ውሃ ጠጥቶ ይዟቸው ይወርዳል። ታምሬ የቶቡን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ እየዋኘ እታች ካለው አሸዋ ላይ አወጣቸው። ልጆቹም ጀልባዋን እየጎተቱ ወጡ። እኔም ሮጬ ደረስኩ። ጋረደው የሚባለው ልጅ «ሞቢቴሌን! ሞቢቴሌን!» እያለ ያለቅሳል። ስልኩን ውሃ ወስዶበት ነው።

እትዬ ሰውዳ ውሃውን ተፍተው ተፍተው ሲያበቁ፣ «እስቲ ደውልለት» አሉት፣ «የት እንደደረሰ ይነግርሃል።»

ከዚያ ወደ ታምሬ ዞሩ።

«ታምሬ፣ ልጄ፣ አፍህ ይሸታል።»

ቶባቸውን ጨምቀው ተነሱ።

ቤት ገብቶ ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ። ሳጎርሰው ይውጣል፣ ካላጎረስኩት አይበላም። ፀጉሩ ውስጥ ጭቃ ደርቋል። ጎትቼ አስቀመጥኩትና ማጠብ ጀመርኩ።

«ባልደርስባቸውስ?» አለ።

«ደርሰሃል።»

«ዓይኔ ሁለት ቶብ ነበር የሚያየው፣ በለጡ። የቱ የሳቸው እንደሆነ አላውቅም። ዝም ብዬ አንዱን ነከስኩ።»

እጄ ራሱ ላይ ቆመ። ከዚያ ማጠቤን ቀጠልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ሁለተኛ ጠጥቼ አልቀዝፍም» አለ።

«እሺ።»

«ወይ ልሽጣት። ካንች ጋር ሻሂ እሸጣለሁ።»

«ብርጭቆ ትፈጃለህ።»

ሳቀ። ሳሙናው ዓይኑ ገባ። እየሳቀ አለቀሰ፣ አይለይም።

ውሃው ጎደል ሲል አብረን ወረድን። እትዬ ሰውዳ ማንንም ሳይጠብቁ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ዳር ላይ ቆመዋል። ጋረደው ብርጭቆ ሞልቶ ይዟል።

«እንካ ረይስ።»

«አልጠጣም፣ ጋሬ።»

«እንዴ! ባለፈው እኮ የገለበጥከን ግማሹን ትተህ ነው! እኔ አይቻለሁ። ጨርሰኸው ቢሆን በሰላም እንሻገር ነበር።»

«እውነቱን ነው» አሉ ልጆቹ። ከሞት የወጡት እነሱው ናቸው።

«አልጠጣም ብያለሁ።»

«እንግዲያ አንሳፈርም።» ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ።

«እኔ ተሳፍሬያለሁ!» አሉ እትዬ ሰውዳ ካሉበት። «ያላ፣ ገበያ ያልፈኛል!»

«እርስዎማ ምን አለብዎ፣ ዋና ለምደዋል» አላቸው ጋረደው።

ልጆቹ ሳቁ። ታምሬ አልሳቀም። ብርጭቆዋን አየ። ልጆቹን አየ፤ ተከፍተዋል። ሰው ሲከፋበት አይችልም፣ አውቀዋለሁ። እጁ ከጎኑ ተነሳ።

«ወዲህ በል» አልኩት ጋረደውን።

«የጀልባው ነው እኮ፣ እታለም።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

ተቀበልኩትና ጠጣሁት። እስከ ሆዴ አቃጠለኝ። ጠብታ እንዳልቀረ ብርጭቆውን ደፍቼ አሳየኋቸው። ጋረደው ሻንጣውን አነሳ። ከዚያ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁና ከታምሬ መቀመጫ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።