ባቡሩ ከመለቀቁ በፊት

ጋሽ ዲንሳ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጣቢያ ስልክ ላይ በፈረንሳይኛ መልእክት እየተቀባበሉ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ነፋስ ስልክ በሚገኘው ግቢያቸው፣ ባሕር ዛፉ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ጎረቤታቸው ምስጢር መልሳ ትላቸዋለች። አንዲት ቃል ከጎደለች ወደሚቀጥለው አያልፉም።

«ድሬዳዋ ያለው ሰው የነገርኩትን ቃል በቃል መልሶ ካላለልኝ ባቡሩን እለቅ ነበር እንዴ? አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር! ‹ሰምቻለሁ› ማለት አይበቃም።»

«ጋሽ ዲንሳ፣ እኔ የምሄደው ስብሰባ ነው እኮ። ሐዲድ የለውም።»

«የሌለው መስሎሽ ነው።»

ጊዜው ጥቅምት 1988 ነበር። ምስጢር በአንድ መሥሪያ ቤት አራት ዓመት ታይፒስት ሆና ሠርታለች። በማግስቱ ከጎረቤት አገር እንግዶች ጋር በፈረንሳይኛ በሚደረገው ንግግር በአስተርጓሚነት ትፈተናለች። ካለፈች ቦታው የእሷ ነው፤ ካላለፈች ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ትመለሳለች።

ጠዋት ታክሲው ጉም ውስጥ ገባ። ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ሲል ምስጢር ፈገግ አለች፤ ሳያውቀው በፈረንሳይኛ ‹ላ ጋር›፣ ‹ባቡር ጣቢያው› እያለ እየተጣራ ነው። በመስኮቱ የሚያልፉት ቤቶች ጠርዛቸው ጠፍቶ፣ የቃላቱ ድምፅ ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላ የምትሄድ መሰላት።

ንግግሩ ድንበር ላይ ስላለ የውኃ ጉድጓድ ነበር። ምስጢር አንድ ነገር አስተዋለች። ፈረንሳይኛው ለእንግዶቹም የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። በሰው ሳሎን እንደተቀመጠ እንግዳ እያንዳንዱን ቃል አንስተው፣ አይተው፣ ቀስ አድርገው ያስቀምጡታል። እሷም እንደዚያው ነበረች። ያ ሳሎን የማንም ስላልሆነ ለሁሉም ይበቃ ነበር።

ከቀትር በፊት ግን ነገሩ ከረረ። የእንግዶቹ መሪ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ወረቀታቸውን አጣጠፉና በፈረንሳይኛ፣ «ጉድጓዱን እንዘጋለን። ንግግሩም እዚህ ላይ አበቃ» አሉ።

ምስጢር ወደ አማርኛ መመለስ ነበረባት። እሷ ግን ሳታስበው ዓይኗን ጨፈነችና ያንኑ በፈረንሳይኛ፣ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ፣ በዝግታ ለራሳቸው ለሽማግሌው ደገመችላቸው።

አለቃዋ አቶ እስጢፋኖስ ጎሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሪት ምስጢር፣ የምታስተረጉሚው ለእኛ ነው ለእሳቸው?»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ምስጢር ዓይኗን ስትገልጥ በሐሳቧ የታያት ሽፋኑን ለብሶ የሚጠብቃት የጽሕፈት መኪና ነበር።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከሩቅ የመጣ የራሳቸውን ድምፅ እንደሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

«አይ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንደሱ አይደለም። ጉድጓዱ ለከብቶቹ ክፍት ይቆይ። እኛ ነገ እንገናኝ።»

ይህንንም ደገመችላቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ያን ጊዜ ወደ ወገኖቿ ዞራ በአማርኛ ተናገረች። የመጀመሪያውን በአማርኛ የሰማው ማንም የለም።

ኮሪደሩ ላይ አቶ እስጢፋኖስ አስቆሟት።

«አስተርጓሚ እንደሱ አያደርግም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳታረፍጂ። ሽማግሌው ‹ያቺ የምትደግመው ትምጣ› ብለዋል።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ደብዳቤሽንም ጸሐፊዬ ታዘጋጃለች። ታይፒስት ሌላ እንፈልጋለን።»

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘው ነበር። ምስጢር የሆነውን ሁሉ ለጋሽ ዲንሳ ነገረቻቸው። የሽማግሌውን የመጨረሻ ቃል እዚያ እንደተባለው በፈረንሳይኛ አለችላቸው።

ጋሽ ዲንሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከዚያ ቀን የምትደግመው እሷ ነበረች። አሁን እሳቸው፣ ሩቅ ጣቢያ ላይ ስልክ እንደያዘ ሰው፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ መለሱላት።

«ልክ ነው?» አሉ።

«ልክ ነው፣ ጋሽ ዲንሳ።»

«እንግዲያው ባቡሩን ልቀቂው።»