አራት ጣት የረዘመው ክር

ልጄ አልጋ ላይ ተኝቶ ለሴት ልጁ ካይት ማብረር ባስተማረባቸው ሳምንታት የእኔ ሥራ መፍራት ነበር። ክሩ የልጅቷን ጣት ይቆርጣል ብዬ እፈራለሁ፤ ነፋሱ ደረቷን ይመታታል ብዬ እፈራለሁ፤ ካይቷ የመብራት ሽቦ ላይ ትወጣለች ብዬ እፈራለሁ። ሽቦው ከሜዳው ማዶ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ነው ያለው። ቆጥሬዋለሁ።

ልጄ ሸራ ሰፊ ነበር። የጭነት መኪና ሸራ፣ ድንኳን፣ የሱቅ ደጃፍ ጥላ ይሰፋል። ካይቷንም ከድንኳን ቁራጭ የሰፋት ራሱ ነው፤ ቀይና ግራጫ፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። የልጆች ካይት አንድ ክር ነው ያለው፤ ይቺ ግን ሁለት አላት፣ ለየእጁ አንዳንድ። ቀኙን ሲስቡት ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ግራውን ሲስቡት ወደ ግራ። ጤነኛ ሳለ እሁድ እሁድ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ያጫውታት ነበር። ልጅቷ ያን ጊዜ ካይቷን ተሸክማ ከመሮጥ በቀር ክር ነክታ አታውቅም። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት።

ሐኪሙ በሽታው አከርካሪው ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ሲለን አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረግንለት። የልጅቷ እናት ሌላ ትዳር ይዛ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቷን ጠራትና ካይቷን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እንድታወጣት አዘዛት። አንድ ጨዋታ ብቻ ሲሳካላት ማየት እንደሚፈልግ ነገራት፤ ኤሊ የሚሉትን። ካይቷ ሽቅብ ትወጣና አየር ላይ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ክር በአንድ ጊዜ ሲላላላት ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ በጀርባዋ ትተኛለች። መልሰው ሲስቧት ትነሣለች። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ስለማትረጋ ፌንጣ እንላታለን። አባቷ ተናግሮ ሳይጨርስ ጫማዋን አጠለቀች።

እኔ ደግሞ ምን አስቸኮላችሁ፣ ስትነሣ አንተው ታሳያታለህ አልኩት። ይህን በየቀኑ ነበር የምለው። እሱም በየቀኑ "እሺ እማዬ" ይለኛል።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። እሱ የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ስቦ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጁን ወደፊት ሰደድ እያደረገ ያሳያታል። ቁም ነገሩ መሳብ ሳይሆን ማላላት ነው ይላታል። እሷ ሜዳ ትወጣለች፣ እኔ ጃኬት ይዤ እከተላታለሁ፣ እሱ በመስኮት ያያል። ካይቷ ትነሣለች፤ ነገር ግን ገና ቀና ከማለቷ ወደ ቀኝ ታዘነብልና መሬት ትመታለች። ሁሌ ወደ ቀኝ። ሜዳው ጥግ ያላለቀውን ሕንፃ የሚጠብቀው ዘበኛ ወንበሩን አዙሮ እኛን ማየት ልማድ አደረገው። ይቺ ካይት በስተቀኝ ዘመድ አላት እንዴ ይላታል ፌንጣን። እኔን ደግሞ፣ እማማ ጃኬቱን ለካይቷ ያልብሷት፣ የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት ይለኛል። ሰው እንዲህ እየፈራ እንዴት ይስቃል።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንሶላውን የሚጨብጥበት ጉልበት አነሰው። በየቀኑ መርፌ የምትወጋው ነርስ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ከእንግዲህ በቀን እንጂ በሳምንት አትቁጠሩ አለችኝ። ያን ዕለት ዓርብ ነበር። ሲያካፋ ውሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ ፌንጣ ግን አሻፈረኝ ብላ ወጣች። ስትመለስ እጀታዎቹን ከነክሩ ወለሉ ላይ ወረወረቻቸው።

"ለእኔ እጅ አልተፈጠረችም" አለች።

"እጆችሽን እኩል ያዢ" አላት አባቷ።

"እኩል ነው የያዝኩት አባዬ። አንተ አታየኝም እንዴ? እኩል ነው የያዝኩት።"

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ከዚህ ወዲያ አልነካትም ብላ ወደ መኝታዋ ገባች። እንግዲህ እሱ ያለው አንድ ምኞት ይቺ ናት፣ እሷም ለእሱ የምታደርግለት ይቺን ብቻ ነው፣ ቀኑ ደግሞ የለም። በመካከላቸው ቆሜ ጭቃ ስጠርግ አመሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ማጠናከሪያ ትምህርት ስትሄድ ክሩን አጠብኩት። ካይት ክር እንደሚታጠብና እንደማይታጠብ አላውቅም፤ እኔ የቆሸሸ ነገር ካየሁ አላስቀምጥም። በሳሙና ውሃ ዘፍዝፌ፣ አለቅልቄ፣ የሁለቱንም ክር አንድ ጫፍ የበሩ መዝጊያ ላይ አሰርኩና ሌላውን ጫፍ ይዤ በግቢው ርዝመት ልዘረጋው ወጣሁ። ስለማይበቃኝ በአጥሩ ብረት አዙሬ ደጋግሜ መለስኩት። መጨረሻ ላይ ጫፎቹ አልገጠሙም። የግራው ክር በአራት ጣት ረዝሟል።

ክው አልኩ። ሳሙናው ለጥጦት ነው፣ ገደልኩት አልኩ በልቤ። ደጋግሜ ለካሁ፣ በሜትርም ለካሁ፤ ያው ነው። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ እጀታው አጠገብ ያለውን ማሰሪያ አየሁት። የልጄ እጅ ሥራ ነው፣ በሰም የተለበጠ፣ ያረጀ፣ ማንም ያልነካው። እኔ አላበላሸሁም። ሲጀመርም እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው።

እዚያው ቆሜ ሁለት እጄን ወደፊት ዘረጋሁ። ከዚያ የግራ ክርኔን እንደሱ ክርን አጠፍኩት። የግራ እጄ ወደኋላ ቀረ። አራት ጣት።

በሰባት ዓመቱ ከግንብ ወድቆ ያን ክንዱን ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ ይጫወት፣ ያንቀሳቅሰው አለኝ። እኔ ግን ደግሞ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። ክንዱን በሻርፔ ደረቱ ላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኩትና ሁለት ወር አልፈታሁትም። ስፈታው ክርኑ መዘርጋት እምቢ አለ። ዕድሜ ልኩን በታጠፈ ክንድ ሸራ ሰፋ። ካይቷንም ሲሠራ ለገዛ ክንዱ ለክቶ ሠራት። ለልጁ ቀጥ ላለ ክንድ ግን ትልቅ ልብስ ሆነችባት።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የግራውን አራት ጣት ማሳጠር። መቋጠር እኔም አውቃለሁ። ግን ከቋጠርኩት ካይቷ ከእንግዲህ የእሱ አይደለችም። እሱ ቢይዛት ወደ ግራ ትወድቅበታለች። ትነሣለህ፣ አንተው ታሳያታለህ እያልኩ የኖርኩት እኔ፣ አትነሣም ብዬ በገዛ እጄ ልቋጥር ነው። ክሩ ደርቆ ጸሐይዋ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቋጠርኩት።

ፌንጣን ለምኜ አስወጣኋት። ጃኬቷን ሰጠኋትና እኔ ቤት ቀረሁ፤ የሱን ፊት ለማየት ብዬ ነው። ካይቷ ተነሣች። ቀጥ ብላ ወጣች። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስትል ታየኝ። አንዴ ሞከረች፣ ወደቀች። እንደገና ሞከረች። በአራተኛው ካይቷ አየር ላይ ቆመች፣ ፌንጣ ሁለት እጇን ሰደደች፣ ካይቷም ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ እንደ ሕፃን ተኛች። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ።

ልጄ ሳቀ፣ ዓይኑም ሞላ። ከዚያ ልጅቷን ሳይሆን ክሩን ሲያይ ቆየ።

"ክሩን ነካሽው?"

"አጠብኩት።"

"እማዬ።"

"አስተካከልኩት" አልኩት።

የግራ ክንዱን ከአንሶላው ሥር አወጣና አየው። "እጄ ጠማማ መሆኑን እኮ ከረሳሁት ቆየሁ" አለ። "ልጅቷን ስወቅስ ሰነበትኩ።"

"እኔ አንድም ቀን አልረሳሁም" አልኩት። ሰላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልናገር የያዝኩትን፣ ሐኪሙ ያንቀሳቅሰው እንዳለኝና እኔ አስሬ እንዳልፈታሁት ነገርኩት። እሱ ምን እንዳለኝ ብናገር ሰው አያምነኝም። በማንኪያ ታበዪኝ ስለነበር እንዳይፈታ እኔም እጸልይ ነበር አለኝ።

ከዚያ ቋጠሮው የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቋጠሮ ክር ያደክማል፣ ትልቅ ነፋስ ሲመጣ እዚያው ላይ ይበጠሳል አለ። ግን እኮ ቋጠሮ ይፈታል፣ ስትነሣ ልፈታልህ ብዬ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

"ቁረጪው እማዬ" አለኝ በቀስታ።

ልጅቷን ጠራናት። ሸራ የሚቆርጥበትን ትልቁን መቀስ አመጣሁ። ጫፉን እንዴት በሰም እንደምትለብጥ፣ እንዴት መልሳ እንደምታስር እሱ እየነገራት፣ እኔ ቆረጥኩ። ለምን እንደሚቆረጥ ስትጠይቀው ለአንቺ ልክ እንዲሆን አላት። አስራ ጨርሳ ነፋሱ ሳይወድቅ ተመልሳ ወጣች።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ስንሸሸው የከረምነውን ወሬ አወራን፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር እንደምትቀር፣ የስፌት መኪናው ለማን እንደሚሆን፣ እናቷን ማን እንደሚጠራት። ትነሣለህ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ለአንድ ጥያቄው ብቻ ነው አጥጋቢ መልስ ያልሰጠሁት። እኔ ከሌለሁ በኋላ ከባድ ነፋስ ባለበት ቀን ብትወጣ አትከልክያት አለኝ።

እሺ ማለት ነበረብኝ። ለሚሞት ልጅ እሺ ይባላል።

"አየዋለሁ" አልኩት።

እያመመው ሳቀ።