«እኔ ነኝ» የሚል የጠፋበት ቀብር

በሲሲሊ ምድር እንደ እኔ መኪና የሚነዳ አልተወለደም። ስለዚህ ኑንዚያና ሮዛሪዮ ተያይዘው የጠፉ ዕለት የኑንዚያ አባት ዶን ጋስፓሬ የጠራው እኔን ነው።

ወጉ ይታወቃል። ልጆቹ አንድ ሌሊት ውጭ ያድራሉ፤ አባት ደጃፉ ላይ ጥቂት ይፎክራል፤ በማግስቱ እንዳኮረፈ ይድራል። ጋስፓሬ ግን የሮዛሪዮ አባት ዶን ቱሪ አደባባይ ላይ ሲስቅበት ሰማና ፉከራው አነሰበት። በጭነት መኪናዬ አሳደድናቸው። እሱ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ እኔ ጥሩምባዬን ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ነፋሁት። ልጆቹ የምር መስሏቸው ሞተር ብስክሌታቸውን ወደ ሞላው ወንዝ ነዱት።

መቃብሩ አፍ ላይ ጋስፓሬ «ያንተ ሳቅ ነው የገደላቸው» አለ።

ቱሪም «የተኮስከው አንተ፣ ገዳዩ እኔ?» አለው።

ቄሱ ደግሞ መልስ በማይሰጠው በእግዚአብሔር ላይ አላከኩት።

የኑንዚያ እናት ዶና አሱንታ የልጇ ሬሳ ሣጥን ላይ እጇን ጫነች። «አንድ ወንድ ‹እኔ ነኝ› ሳይል ልጄ አትወርድም።»

ሦስት መቶ ባለ ባርኔጣ ጫማ ጫማውን አየ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ሳሮ? አፍህ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።»

«ዶና አሱንታ፣ እኔ እኮ ሹፌር ብቻ ነኝ።»

በፍርሃትም ቢሆን የሚስተካከለኝ አልነበረም። እሷ ሁላችንንም እንደ ቆሻሻ አየችን፤ እጇን ከሣጥኑ አነሳች፤ አካፋውን ከቀባሪው ተቀብላ የልጇን አፈር ብቻዋን መለሰች።