ለዕድላዊት አንድ ትርፍ ኮፒ

አስጠኚ ማመን ያቆምኩት «መቶ በመቶ እናሳልፋለን» የሚል ባነር ያየሁ ቀን ነው። መቶ በመቶ የሚያሳልፍ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ባነር አይሰቅልም። ባነሩን የሰቀለው ኤርምያስ የሚባል ጎረምሳ ነው። ቡራዩ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከእኔ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የማጠናከሪያ ትምህርት ከፍቶ ነበር።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከኅዳር ጀምሮ ከተማውን ሲንጠው ከርሟል። በጥር ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም ነገሩ አልበረደም። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፤ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። ልጄ ዕድላዊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሊሰጥ ነው፣ እነሱ ግን መጽሐፉን ገና ግማሽ አላደረሱም። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ዩኒቨርሲቲ ካልገባች እንደኔ ከዚህ ማሽን ጎን ቆማ ወረቀት ስትደረድር ልትኖር ነው፤ ያንን ደግሞ በቁሜ አላይም። ስለዚህ አስጠኚ መምረጥ ነበረብኝ።

የእኔ አመራረጥ ግን እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ኮፒ ቤት ያለው ሰው የሁሉንም ጓዳ ያያል። አስጠኚ ሁሉ ዎርክሺቱን የሚያባዛው እኔ ዘንድ ነው። ጋሽ ሀብተወልድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር በሳሎናቸው ያስጠናሉ፤ የእሳቸው ፊዚክስና የኤርምያስ ፊዚክስ ቃል በቃል አንድ ነው፣ አናቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ይለያያል። ማን ከማን እንደሰረቀ ስለማላውቅ ሁለቱንም ጠረጠርኩ። ከሰበታ እየተመላለሰ ኬሚስትሪ የሚያስጠናው ደግሞ መልሱን ከጥያቄው ጋር አብሮ ያድላል። ተማሪውን የማያለፋ አስተማሪ ምን አስቦ ነው?

እናም መላ መታሁ። አርባ ኮፒ ሲያዙኝ አርባ አንድ አወጣለሁ፤ አንዷ የዕድላዊት ናት። አልደበቅኩም፣ ዓይናቸው እያየ ነው። አንዳንዱ «እትዬ ሰብለ፣ የቤት ድርሻ ወጣች?» ብሎ ይስቃል። አንዱን መርጬ ከምታለል ሁሉንም ብወስድ ምናለበት አልኩ። እጄም ለመደና የሠርግ ጥሪ ቢመጣም፣ የእድር ማስታወቂያ ቢመጣም አንድ ትርፍ ይወጣል። የፖሊስ ጣቢያው ማሽን ስለተበላሸ ሳጅኑ እንኳ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ወንበር እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ቆመህ ጠብቅ ልበለው?

የዕድላዊት ጠረጴዛ በወረቀት ተሞላ። ልጄ ግን ከቀን ወደ ቀን ፊቷ ይጠቁራል።

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ያልገባኝን ብጠይቀው አይመልስልኝም» አለችኝ አንድ ቀን። «ቲቸር ባይሳ ዘንድ ልግባ።»

ባይሳ የትምህርት ቤታቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ተማሪዎቹን ገፈርሳ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ካለው ግቢው እየሰበሰበ ማስተማር ጀመረ። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ዝም ብሎ ይማራል። ይሄ አንድ ጥርጣሬ ነው፤ በዚህ ዘመን ማን በነፃ ይለፋል? ሁለተኛው ይባስ ነበር። ባይሳ አንዲት ወረቀት እንኳ እኔ ዘንድ አባዝቶ አያውቅም። ባጃጅ ነጂው ሸምሰዲን እንደነገረኝ ኮፒ የሚያደርገው አስኮ ሄዶ ነው። በእኔ ደጅ አልፎ፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፣ ታክሲ ተሳፍሮ አስኮ! እኔ እንዳላየው የፈለገው ምን ቢሆን ነው? ያን ሰሞን ሌሊት ተበትኖ የሚያድር የተቃውሞ ወረቀት ነበር፤ እሱን ያባዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል።

«እዚያ ሰውዬ ግቢ እግርሽን እንዳታነሺ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሳችም፤ ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ሞዴል ፈተና ሰጡ። ዕድላዊት በሒሳብ ወደቀች። መውደቋ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ባይሳ ዘንድ የሚማሩት ጓደኞቿ ጥሩ አምጥተዋል። ያን ቀን እራት አልበላችም። እኔም ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ሸምሰዲንን «ገፈርሳ ውሰደኝ» አልኩት። ሌባም ቢሆን፣ ፖለቲከኛም ቢሆን ሄጄ በዓይኔ አይቼው ልወስን።

ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ በአጣና አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ባይሳ ግድግዳውን ጥቁር ቀብቶ ሰሌዳ አድርጎታል፤ ቁጥር በቁጥር ሞልቶታል። ሌላ ነገር ይኖር እንደሁ ብዬ ዓይኔን አንከራተትኩ፤ ምንም የለም። ገና በሩን ስገፋ ግን ጫጫታው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዷ ልጅ ደብተሯን ከደነች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ባይሳ ጠመኔውን አስቀምጦ መጣ። «አካም ጅርቱ፣ እትዬ ሰብለወርቅ» አለኝ በትህትና። ትህትናውንም ጠረጠርኩ።

«መምህር፣ እኔ ነገር ማድበስበስ አልወድም» አልኩት። «ልጄን ላስገባ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከደጄ እያለፉ አስኮ የሚወርዱት ምን ሊደብቁኝ ነው?»

ተማሪዎቹን ዞር ብሎ አየና ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ይቅርብዎ እትዬ።»

«አይቀርም!»

«እርስዎ አንድ ትርፍ ያወጣሉ።»

«አዎ አወጣለሁ። ለልጄ! አገር ያወቀው ነው።»

«አገሩ የሚያወራው ሌላ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትርፏ የሳጅኑ ናት ነው የሚሉት። ወንዲ የሚባለው ልጅ የታሰረው እርስዎ ዘንድ ኮፒ ባደረገ በሦስተኛው ቀን ነው።»

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ቀጥሎ ነገሩ ገባኝ። ወንዲ ያባዛው የባዮሎጂ ሾርት ኖት ነው! ትርፉም ዕድላዊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ለሳጅኑ የእንቁራሪት ልብ ምን ይሠራለታል? ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ ይሰሙኛል፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። የአንዳንዶቹን እናቶች በማኅበር አውቃቸዋለሁ።

«እርስዎስ ያምናሉ?» አልኩት ባይሳን።

«እኔ የሰው ልጆች አደራ አለብኝ» አለ። አዎም አይደለም፣ አይም አይደለም።

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ዕድላዊት መጥታ ነበር፤ ሁለቴ። እሷ ስትገባ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። በሦስተኛው ራሷ ቀረች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ መሠረቱን የሚያስይዛት ሰው ነው ያጣችው። ከፈለጉ ጠዋት፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ለብቻዋ አስተምራታለሁ። ገንዘብ አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ አይደል? አፍ ግን የሚያወጣው ውስጥ ያለውን ነው።

«ለብቻዋ? ለምን ለብቻዋ? ሴት ልጅ ናት እኮ! ያውም በነፃ?»

ባይሳ አልተቆጣም። ፊቱ ብቻ ቀዘቀዘ። «ይቅር እንግዲህ» አለና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልዞረም።

ቤት ስገባ ዕድላዊት ወረቀቷን ከፊቷ ዘርግታ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ እየጻፈች ታጠፋለች። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም።

«ባይሳ ዘንድ ሄደሽ ነበር» አልኳት።

«አዎ።»

«እኔን ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወንዲ ከታሰረ ጀምሮ።»

ወራት ማለት ነው። ወራት ሙሉ ወረቀት ሳመጣላት «አመሰግናለሁ እማ» እያለች ስትቀበለኝ ቆይታለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እናትሽን ሲያሟት ዝም ትያለሽ?»

እርሳሷን አስቀመጠች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

«ብነግርሽ ኖሮ እውነት ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ይኖርብኝ ነበር» አለች።

ንዴቱ እንዴት እንደመጣብኝ አልነግራችሁም። የምይዘው ነገር አጥቼ የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። ሰው ሁሉ ይጠርጥረኝ፣ ግድ የለም፤ እኔም ሰውን ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ይህቺ ግን ልጄ ናት። ለማን ብዬ ነው ማሽኑ ሥር የቆምኩት? «ማርያምን!» አልኳት። «በአባትሽ አፅም! ለማንም አንዲት ወረቀት ሰጥቼ አላውቅም። ሁሉም ያንቺ ነው፤ ይኸው ተቆልሎልሻል፣ ቁጠሪው!» እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

«እሺ እማ» አለችኝ።

ቶሎ ነው ያለችው። አባብላ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «እሺ እማ፣ ተይ አታልቅሺ» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

እንዲህ ቶሎ የሚመጣ እሺ የማመን እሺ አይደለም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሰው ሳላምን የምለው ልክ እንደዚሁ ነው።